መለያው ይከፈልበት፣ ገንዘቡ ግን እዚያው ይደር

ክቡራን እንግዶች፣ የጥበቃ ባልደረቦቼ፣ አስጎብኚዎች፣ እናንተም የኋላውን ወንበር የሞላችሁት ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ? ከምሳ በኋላ እንዲናገር የተመደበ ሰው ሁለት ተፎካካሪ አለበት፤ አንዱ እንቅልፍ ነው፣ ሌላው ከእሱ በፊት የተናገረው ሰው ነው። ከእኔ በፊት የተናገሩት ዶክተር በሥዕልና በሰንጠረዥ አስደስተውናል። እኔ ሥዕል አላመጣሁም፤ ያመጣሁት ክርክር ነው።

ርእሱን ታውቁታላችሁ። ወደ ዱር እንስሳት መጠለያ የሚገባ ጎብኚ ሁሉ በገንዘቡ የገዛውን የጥበቃ መለያ አንገቱ ወይም ክንዱ ላይ አስሮ ይግባ ወይስ አይግባ? ያለ መለያ የመጣውስ ከበር ይመለስ? መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁና ተገላገሉ። ይመለስ። ግዴታ ይሁን። ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። እሱ ካልተሟላ እኔ ራሴ በሩ ላይ ቆሜ "ወገኖች፣ አትክፈሉ" የምል ሰው ነኝ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ መለያ ከተራ ትኬት በምን ይሻላል? ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የት ያድራል? ሦስተኛ፣ ማን ይክፈል፣ ማንስ አይክፈል? ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ሰብሳቢው ሰዓት እያዩ ቢያስሉብኝም እቆያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ አንደኛው ልግባ።

እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት በአንድ መጠለያ በር ላይ ትኬት እየቆረጥኩ ነው። ግማሹ ለጎብኚው፣ ግማሹ ለእኛ። ጎብኚው ግማሿን ትኬት ኪሱ ይከታታል። ከዚያ በኋላ ማን አይቷት ያውቃል? ማንም። አንድ ከሰዓት በኋላ ውስጥ የነበረው ጠባቂ በሐይቁ ዳር አራት ሰዎች ያያል። ወፎች መሬት ላይ እንቁላል የጣሉበት ቦታ ድረስ ዘልቀው ገብተው ፎቶ ይነሳሉ። ጠባቂው ቀርቦ "ትኬት አላችሁ?" ሲላቸው "መኪና ውስጥ ነው" አሉት። መኪናው የት ነው? ከኮረብታው ወዲያ። እንግዲህ ምን ያድርግ? አብሯቸው ኮረብታ ይውጣ? እሱ እዚያ ሲከራከር እናት ወፎቹ ተነሥተው በላያቸው ይዞራሉ፣ እንቁላሉ ፀሐይ ላይ ነው። ጥላ የሆነው የእናቲቱ አካል ነበረ፤ እሷ ስትነሳ እንቁላል በእኩለ ቀን ሙቀት ብዙ አይቆይም። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ክፋት አያስፈልግም፤ ለጥፋት ሃያ ደቂቃ መቆም ይበቃል።

አሁን እነዚያው ሰዎች ክንዳቸው ላይ ቁጥር ያለው፣ ቀለሙ ከሩቅ የሚታይ መለያ ቢያስሩስ? ጠባቂው በመነጽር ያየዋል። ይህ ቀለም ለሐይቁ ዳር የተፈቀደ ነው ወይስ አይደለም? ቁጥሩን በሬዲዮ ይናገራል፤ በር ላይ ያለው ሰው መዝገቡን ገልጦ ስንት ሰዓት እንደገቡ ይነግረዋል። ማታ ደግሞ በሩ ሲዘጋ መለያዎቹ ይቆጠራሉ። አንድ ከጎደለ አንድ ሰው ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። የጠፋ ሰው ፍለጋ ሌሊቱን የተንከራተታችሁ እዚህ አላችሁ፤ ማን ማን እንደሆናችሁ አልናገርም፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በካሪቢያን ባሕር ላይ ቦኔር የምትባል፣ በኔዘርላንድስ ሥር ያለች ትንሽ ደሴት አለች። ዙሪያዋ ያለው ባሕር በ1979 ተከልሎ የባሕር ፓርክ ሆነ። የዕርዳታ ገንዘብ ስለነበር ሥራው ተጀመረ። ገንዘቡ ሲያልቅስ? ሥራውም አለቀ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ፓርኩ በሕግ አለ፣ በካርታ አለ፣ ውኃው ላይ ግን የለም። ጠባቂ የለም፣ ጀልባ የለም። ጠላቂው ግን ይመጣል፤ በየዓመቱም እየበዛ ይመጣል።

በ1992 አንድ ነገር ተወሰነ። ኦክስጅን የሚባለውን ሲሊንደር አዝሎ የሚጠልቅ ሰው ሁሉ በዓመት 10 ዶላር ይክፈል። ለከፈለው ትንሽ የፕላስቲክ መለያ ይሰጠው ነበር፣ የመጥለቂያ ዕቃው ላይ ያንጠለጥላት ነበር። ልብ በሉ፤ ባሕር ውስጥ "ትኬቴ መኪና ውስጥ ነው" የሚባል ነገር የለም። መለያዋ ወይ ተንጠልጥላለች ወይ አልተንጠለጠለችም። (በነገራችን ላይ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የታመቀ ተራ አየር ነው፤ ኦክስጅን የምንለው በልማድ ነው። ጠላቂ ወዳጆቼ ይህን ሳላርም ባልፍ አይለቁኝም።)

ታዲያ የመጥለቂያ ነጋዴዎቹ ምን አሉ? "ደንበኛ ይሸሽብናል፣ ወደ ሌላ ደሴት ይሄድብናል" አሉ። ይህን ቃል ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ በሄድኩበት ስብሰባ ሁሉ እሰማዋለሁ። ዛሬ ጠዋትም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ጠላቂው ግን አልሸሸም። ሲጠየቅ አብዛኛው "ዋጋው ተገቢ ነው" ብሎ መለሰ፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ከዚያ በላይ ለመክፈል ፈቃደኛ ነበሩ። በ2005 ክፍያው ለጠላቂ ወደ 25 ዶላር ከፍ አለ፤ ሳይጠልቅ የሚዋኘውም መክፈል ጀመረ።

ነገር ግን ቦኔርን የማነሳው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። መለያዋን የገዛ ጠላቂ ዝም ብሎ ባሕር ውስጥ አይገባም ነበር። መጀመሪያ ገለጻ ይሰጠዋል። ጓንት ማጥለቅ ክልክል እንደሆነ ይነገረዋል። ለምን ጓንት? ባዶ እጅ ያለው ሰው ኮራል የሚባለውን እንደ ድንጋይ የጠነከረ የባሕር ፍጡር ለመጨበጥ ይሰጋል፣ ጓንት ያጠለቀ ሰው ግን ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። መልሕቅ መጣልም ክልክል ነው፤ ጀልባ የሚታሰረው ፓርኩ ባዘጋጀው ተንሳፋፊ ላይ ነው፣ ምክንያቱም አንድ መልሕቅ ስንት ዓመት የወሰደ ኮራል በአንድ ውርወራ ይሰብራል። እንግዲህ መለያዋ ሦስት ሥራ ሠራች ማለት ነው፤ አስከፈለች፣ አስተማረች፣ አሳየች። ትኬት ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የሚሠራው።

ሁለተኛው ነጥብ። ገንዘቡ የት ያድራል?

ትኬት ወደምቆርጥበት ወደዚያው በር ልመልሳችሁ። ማታ ማታ የቀኑን ገቢ ቆጥረን፣ ከትኬቱ ጉርድ ጋር አመሳክረን፣ በከረጢት አሽገን እናስቀምጣለን። በማግስቱ መኪና መጥቶ ወደ ማዕከል ይወስደዋል። ሒሳቡ ንጹሕ ነበር። አንድ ሳንቲም አይጎድልም ነበር፤ ይህን በኩራት ነው የምናገረው። ማዕከሉም ወደ ግምጃ ቤት ያስገባዋል። ከዚያስ? ከዚያማ ከዓመቱ በጀት ጋር ተቀላቅሎ፣ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። መንገድ ሆኖ ይሆናል፣ የቢሮ ወንበር ሆኖ ይሆናል። ለእኛ አልመጣም እንጂ ሌብነት አይደለም። ሕጋዊ ነው። ችግሩም ይኸው ነው፤ ሕጋዊ መሆኑ።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ድኩላ ሽቦ ወጥመድ ውስጥ ገብታ አገኘናት። ሽቦው የኋላ እግሯን ይዟት ሌሊቱን ስትታገል አድራ፣ ቆዳውን አልፎ ጅማቱ ላይ ደርሷል። ሁለት ጠባቂዎች አንገቷንና ትከሻዋን ይዘዋል፣ ዓይኗን በጃኬት ሸፍነዋል። እኔ ሽቦውን በእጄ ላላላ እሞክራለሁ። በእጅ የሚላላ ነገር አይደለም። ፒንሳ ያስፈልጋል። ፒንሳ አለን? የለንም። ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቀናል፤ "በቀጣዩ በጀት ይታያል" የሚል መልስ አለን፣ ፋይል ውስጥ። ፒንሳ ግን የለንም።

ከአንድ ጎብኚ መኪና ተለመነ። ሰውዬው መልካም ሰው ነው፤ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ሮጦ መጣ፣ ሽቦውን ራሱ ቆረጠው። ድኩላዋ ተነሥታ እያነከሰች ጫካ ገባች። ሰውዬው ፒንሳውን በጨርቅ እየጠረገ ወደ እኔ ዞረና ምን አለኝ መሰላችሁ? "ጠዋት በር ላይ የከፈልኩት ገንዘብ ፒንሳ አይገዛም?"

ምን ልመልስለት? ይገዛል። አንድ ብቻ ሳይሆን ስንት ይገዛል። ግን ያ ገንዘብ ለእኛ ላም አለኝ በሰማይ ነበር።

ወገኖቼ፣ ቅድመ ሁኔታዬ እንግዲህ ይህ ነው። በመለያ የሚሰበሰብ ገንዘብ በሕግ ተለይቶ፣ በተለየ ሒሳብ ገብቶ፣ እንስሳው ባለበት ቦታ ላይ ይዋል። "ለጥበቃ" ተብሎ የተሰበሰበ ገንዘብ ጥበቃ ላይ ካልዋለ ጎብኚውን ዋሽተነዋል። ግምጃ ቤት የሚገባ ከሆነ ስሙን እንቀይረው፤ ግብር እንበለው፣ ሰውም ግብር ብሎ ይክፈለው። ጥበቃ ብለን ግን አናስከፍለው።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። በአሜሪካ የመጀመሪያው የፌዴራል የወፎች መጠለያ የተቋቋመው በ1903 ነው፤ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው ያወጀው። ፍሎሪዳ ውስጥ ያለች ፔሊካን አይላንድ የምትባል ሚጢጢ ደሴት ናት። በዚያ ዘመን ወፍ የሚታደነው ለላባው ነበር፣ ለሴቶች ባርኔጣ ማስጌጫ። መጠለያው ታወጀ። ጠባቂም ተሾመ፣ ፖል ክሮገል የሚባል ጀልባ ሠሪ። ደመወዙስ? ምክር ቤቱ የመደበው ገንዘብ አልነበረም። በወር 1 ዶላር ይከፍለው የነበረው የወፍ ወዳጆች ማኅበር ነው። አዋጅ አለ፣ ሰው አለ፣ ጠመንጃና ጀልባ አለው፤ በጀት የለም። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው፤ ይህ አዳራሽ ውስጥ ግን አንገቱን የሚነቀንቅ ሰው እያየሁ ነው።

እዚያው አገር መፍትሔ የመጣው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። በ1930ዎቹ ድርቅ ረግረጉን አደረቀው፣ ቀድሞም ለእርሻ ተብሎ ብዙው ተንጣፍፎ ነበር፣ ዳክዬው ተመናመነ። በ1934 ሕግ ወጣ፤ ዕድሜው 16 የሞላ የዳክዬ አዳኝ ሁሉ በየዓመቱ ቴምብር ይግዛ። ዋጋው 1 ዶላር። የመጀመሪያዋን ቴምብር የነደፈው ጄይ ዳርሊንግ የሚባል የጋዜጣ ካርቱን ሣይ ነው፤ በመንግሥት ሹሞች ላይ ሲሳለቅ የኖረ ሰው፣ መጨረሻ ላይ "እንግዲያው ና አንተው ሥራው" ተብሎ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የሆነ። (ካርቱን የምትስሉ ተማሪዎች፣ ተጠንቀቁ።) ሁለት ዳክዬዎች ረግረግ ላይ ሲያርፉ ነው የሳለው።

ቴምብሯ ዛሬም አለች፤ 25 ዶላር ሆናለች። እስካሁን የተሰበሰበው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ረግረግ ለመግዛትና ለመከራየት ይውላል። እንደገና ልበለው፤ 98ቱ! ይህን የሚያደርገው የሹማምንት ደግነት ነው? አይደለም። ገንዘቡ የት እንደሚገባ ሕጉ ውስጥ ተጽፏል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች የሚመጣውን ሹም አላመኑም፤ ስላላመኑትም ጻፉት። ደግሞ ቴምብሯን የያዘ ሰው፣ አዳኝም ባይሆን፣ መግቢያ በሚያስከፍሉት የአገሪቱ የዱር እንስሳት መጠለያዎች በነጻ ይገባል። ወፍ አይቶ ለመመለስ ብቻ የሚገዟት ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ጎረቤት እንምጣ። ጎረቤት ስል የመጠለያው ጎረቤት ማለቴ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ የሚኖረው ሰው።

ለአንድ የመንደር ስብሰባ ሄጄ ስለ አዲሱ ክፍያ አስረዳ ነበር። ጎብኚ ይከፍላል፣ መለያ ይሰጠዋል፣ እንዲህ ይሆናል፣ እንዲያ ይሆናል። አንዲት እናት ከኋላ ተነሡ። የበቆሎ ማሳቸው አጥሩ ሥር ነው፤ በዚያ ሳምንት ዝሆን ገብቶበታል። "ልጄ" አሉኝ፣ "ሰው የዝሆኑን ቤት ሲያይ ይከፍላል አልክ?" "አዎ፣ እናቴ።" "ዝሆኑ ሌሊት መጥቶ የእኔን ማሳ ሲጎበኝስ ማን ነው የሚከፍለኝ?" ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። መልስ እየጠበቁ ቆመው ነበር።

ለእኚህ እናት መልስ የሌለው ደንብ ደንብ አይደለም። መልስ ያዘጋጁ አገሮች አሉ። ኡጋንዳ ከፓርኮቿ የመግቢያ ክፍያ 20 በመቶው ለአጎራባች ማኅበረሰብ እንዲሄድ በሕግ ደንግጋለች። ኔፓል በፓርኮቿ ዙሪያ ላለው ሕዝብ ከፓርኩ ገቢ ከ30 እስከ 50 በመቶ ትሰጣለች። በዚያች አገር ባለ አንድ ቀንዱ አውራሪስ በ1960ዎቹ ወደ 100 ወርዶ ነበር፤ በ2021 ቆጠራ 752 ሆኗል። የክፍያው ድርሻ ብቻውን ያመጣው ነው አልልም፤ ሠራዊትም ተሰማርቷል፣ ሌላም ሌላም ተሠርቷል። ግን አውራሪስ ገዳይ ሌሊት በመንደሩ ሲያልፍ መንደሩ ዝም ይላል ወይስ ስልክ ይደውላል? ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው።

ሩዋንዳ የተራራ ጎሪላ ለማየት የምታስከፍለውን ፈቃድ በ2017 ከ750 ዶላር ወደ 1,500 ዶላር አሳደገች። በአንድ ጀንበር እጥፍ! በዚያው ጊዜ ለጎረቤት የሚሄደውንም ድርሻ ከ5 በመቶ ወደ 10 በመቶ አሳደገች። አንድ የጎሪላ ቤተሰብ በቀን ስምንት ጎብኚ ብቻ ያየዋል፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ። የተራራ ጎሪላ በዓለም ላይ በመጨረሻው ቆጠራ 1,063 ነው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቪሩንጋ ተራሮች የቀሩት ወደ 250 ገደማ ነበሩ። በ2018 ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳት በሚመዘገቡበት ዓለም አቀፍ ዝርዝር ውስጥ ከነበሩበት ደረጃ አንድ እርከን ተሻሽለዋል።

ነገር ግን ሐቁን ልናገር፤ የ1,500 ዶላሩ ነገር ሙሉ በሙሉ አይዋጥልኝም። ጎሪላውን ጠብቋል፣ ይሁን። ሀብታም ብቻ የሚያየው እንስሳ ግን ቀስ በቀስ የሀብታም እንስሳ ይሆናል። ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ያስገባኛል፤ ይህኛው አጭር ነው።

ማን ይክፈል? "ተፈጥሮ የሁሉም ናት፣ አየር ላይ በር አይሠራም" የሚሉ ወንድሞች አሉ። ክርክራቸውን አከብራለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃቸው፤ መግቢያው ነጻ ሲሆን የማይከፍል ሰው አለ? ጠባቂው በባዶ እግሩ ይከፍላል፣ እኚያ እናት በበቆሏቸው ይከፍላሉ፣ ድኩላዋ በእግሯ ትከፍላለች። ነጻ የሆነው ለእንግዳው ብቻ ነው።

ስለዚህ እንግዳው ይክፈል፤ ከሩቅ የመጣው ብዙ፣ ከቅርብ የመጣው ጥቂት። የኢኳዶር ግዛት የሆኑት ጋላፓጎስ ደሴቶች በ2024 ለውጭ ጎብኚ መግቢያውን ከ100 ዶላር ወደ 200 ሲያሳድጉ ለአገሬው ሰው ያስቀመጡት 30 ነው። በሃዋይ ሃናውማ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ከሌላ ቦታ የመጣውን ያስከፍላል፣ የሃዋይን ነዋሪ አያስከፍልም። አዲስ ጎብኚ ሁሉ ግን፣ ከፈለም አልከፈለም፣ ውኃው ጋ ከመውረዱ በፊት ኮራሉን እንዳይረግጥ የሚያስተምር ቪዲዮ ቁጭ ብሎ ያያል። በሳምንት ሁለት ቀንም በሩ ይዘጋል፣ ዓሣውም ባሕሩም ይረፉ ተብሎ። ይህቺን ወደድኳት። ለተማሪ ነጻ ይሁን። ከአጥሩ ወዲያ ለሚኖረው ነጻ ይሁን፤ ነጻ ማለት ግን ያለ መለያ ማለት አይደለም። መለያውን ያስራል፣ ዋጋውን አይከፍልም። ቆጠራው ውስጥ መግባት አለበት።

ሰብሳቢው፣ አየሁዎት። አምስት ደቂቃ ብቻ።

መለያ ወዳጆች ደጋግመን የምንረሳው አንድ አደጋ አለ። ጎብኚ የሚመጣው ሲመቸው ነው። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ አውሮፕላን ቆመ፣ ሆቴል ተዘጋ፣ በየመጠለያው በር ላይ ሰው ጠፋ። እንስሳው ግን ያው አለ፣ አዳኙም ያው አለ፤ እንዲያውም ሥራ ያጣው ብዙ ስለሆነ ወጥመድ የሚያጠምደው በዛ። በዚያ ዓመት በፈረንጆቹ ጁን መጀመሪያ ላይ በኡጋንዳ ብዊንዲ ደን ራፊኪ የሚባለው ጀርባው ብርማ ቀለም ያለው አውራ ጎሪላ በጦር ተገደለ። የ17 ጎሪላዎች ቤተሰብ መሪ ነበር፣ ዕድሜው 25 ገደማ። የገደለው ሰው ትንንሽ እንስሳ ሊያድን እንደገባና ጎሪላው እንደመጣበት ተናገረ፤ 11 ዓመት ተፈረደበት። ጎብኚ ባይቀር ኖሮ ራፊኪ አይሞትም ነበር ማለት አልችልም። ግን ሁሉን ነገሩን ጎብኚ ላይ የሰቀለ መጠለያ ጎብኚ የቀረ ዕለት ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም አየን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ፣ ደንብ የምታረቅቁትን በተለይ። አንደኛ፣ ከመለያው ገቢ የተወሰነው ለክፉ ቀን ይቀመጥ፤ ቢያንስ የጠባቂዎች የአንድ ዓመት ደመወዝ። ሁለተኛ፣ ይህን በደማቁ አስምሩልኝ፤ የመለያው ገቢ የመንግሥት በጀት ምትክ አይሁን። ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ አይደል? መጠለያው በመለያ 10 ሲሰበስብ የበጀት ክፍሉ "እናንተማ ገቢ አላችሁ" ብሎ 10 ይቀንሳል። ጎብኚው ከፈለ፣ መጠለያው ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። በጀቱ ከነበረበት እንዳይወርድ እዚያው ደንቡ ውስጥ ይጻፍ። ካልተጻፈ ይወርዳል።

በሩ ላይ ደግሞ ሰሌዳ ይተከል። የሚያምር ሰሌዳ አይደለም የምለው፤ በጠመኔ የሚጻፍበት ይበቃል። በዚህ ወር ይህን ያህል መለያ ተሸጠ፣ ይህን ያህል ገንዘብ ገባ፣ በገንዘቡ ይህ ተገዛ። "ፒንሳ፣ ስድስት" ብላችሁ ጻፉ። ሰው ያነበዋል። እኔ በር ላይ በቆምኩባቸው ዓመታት ስለ ዋጋው የተጨቃጨቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙው የሚጠይቀው "ምን ያደርጉበታል?" ብሎ ነበር።

ስለ ራሱ ስለ መለያውም አንድ ቃል፤ ባለሙያዎቹ ከእኔ የተሻለ ይሉታል። ፕላስቲክ ከሆነ ይመለስ። ሲገባ ትንሽ ማስያዣ ይቀበሉት፣ ሲወጣ መለያውን መልሶ ማስያዣውን ይውሰድ። ገመዱ ሲጎተት የሚለቅ ይሁን፤ ቅርንጫፍ ቢይዘው ሰው እንዳይታነቅ። የሚያብለጨልጭ አይሁን። ለጠባቂው መነጽር የሚታይ ቀለም ይበቃል፣ ፀሐይ እያንጸባረቀ አራዊቱን የሚያስደነግጥ ነገር አንሻም።

ወረቀት ተቀብያለሁ፣ አንዱን ላንብበው። "በሐሰት የተሠራ መለያ ይዞ ቢመጣስ?" ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቁጥሩ መዝገብ ላይ ስላለ በሐሰት የተሠራው በር ላይ ይያዛል፤ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሊገባ አይችልም። እኔን የሚያስፈራኝ ግን በሐሰት የተሠራው አይደለም። የሚያስፈራኝ እውነተኛው መለያ ያለ መዝገብ ሲሸጥ ነው፤ በሩ ላይ ባለ ሰው፣ በእኛው ሰው። ለዚህ መድኃኒቱ መለያ ሻጩና መለያ ቆጣሪው አንድ ሰው አለመሆናቸው ነው። ማታ የሚቆጥረው የመንደሩ ተወካይ ይሁን። ድርሻው ከገቢው ስለሚሰላ አንድ እንኳ እንዲጎድል አይፈቅድም፤ ከማንም ኦዲተር ይልቅ እሱን አምናለሁ።

ከኋላ እጅሽን ያነሳሽው እህቴ፣ አንቺ ከበር ሠራተኞቹ ወገን ነሽ መሰለኝ፣ ሳቅሽ ያስታውቃል። ማይኩን አቀብሏት እስቲ።